ሁለት ሌሊት ይደር

አጥብቀህ ያዛት፣ ካከከችው ፊቷ ተልጦ ጥፍሯ ውስጥ ይቀራል፣ ትለዋለች እናቱ፣ ድረስ ግን ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚጠብቅ አያውቅም፣ የዘሪቱን ሁለት የእጅ አንጓ በሁለት እጁ ጨብጦ መደቡ ጥግ ተንበርክኳል፣ ቆዳዋ ከእሳት ዳር እንደዋለ ድንጋይ ይፋጃል፣ ጣቶቿ ባየር ላይ ይቧጥጣሉ፣ የሚቧጥጡት ባያገኙም አያርፉም፣ ልቀቀኝ ድረስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልከከው፣ በመንበሩ ሞት ልቀቀኝ፣ በወንድሙ ሞት ስታስምለው፣ በመንበሩ ሞት አትበይ እትዬ ይላታል፣ ባልሽ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጮቄ ላይ ከጣልያን ጋር ሲታኮስ የከረመ ሰው ነው፣ ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ ብሎ ልኳል፣ ሦስት ቀን ቀረው፣ ሚስቴን ልይ ብሎ ነው የሚመጣው። ሚስቱን። ይህችን።

አያያትም ድረስ። አንጓዋን እንጂ ፊቷን አያይም፣ ዓይን ግን ጌታውን አይሰማም፣ ሄዶ ያርፍበታል፣ ፊት አይደለም ይኼ፣ እርሾ የበዛበት ሊጥ ነው፣ ዓይኖቿ በነበሩበት ሁለት ስንጥቅ ብቻ ቀርቷል፣ ጆሮዎቿ ወፍረዋል፣ ከጆሮዋ ጀርባ እስከ ማጅራቷ ውኃ የቋጠረው ሁሉ ፈንድቶ ብጫ ብጫ ይንጠባጠባል፣ በግንባሯ ዙሪያ፣ ሻሹ በታሰረበት ልክ፣ በጩቤ የተሠመረ የመሰለ ቀይ መስመር። ከሻሹ በታች ያለውን አገር ሁሉ አይቶታል። ከሻሹ በላይ ያለውን ማንም አላየም፣ የታመመ ራስ ነፋስ አይንካው ነው የእናቱ ሕግ፣ ሻሹን ፍቱት የሚል የለም። ከሻሹ ሥር ያለውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ዓይኗ ተዘግቷል፣ አንዱ አፉ።

መታጠብ ነው ያለበት። ይኼን ያህል እኔም አላጣሁትም። ሰኞ የተቀባ ነገር እስከ ዛሬ ሐሙስ አናቷ ላይ ተቀምጦ እየበላት ነው፣ ቢታጠብ ይቆም ነበር፣ ላይቆምም ይችላል፣ ማን ያውቃል፣ ግን እየጨመረ አይሄድም ነበር፣ አንድ ቃል ናት፣ እጠቧት፣ ከዚያ ለምን ይሉኛል፣ ከዚያ እናገራለሁ፣ ከዚያ።

ማነህ፣ ትላለች እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ። ለድረስ አይደለም፣ ለዘሪቱም አይደለም፣ ዘሪቱ ውስጥ ለገባው ነው፣ ቡዳ የበላው ሰው ሲጠየቅ ይለፈልፋል፣ የበላውን ሰው ስም ይጠራል፣ እናቱ ከእናቷ የተረከበችው ይኸንን ነው፣ ጤና አዳሙን በመዳፏ ጨምቃ ዘሪቱ አፍንጫ ሥር ትይዛለች፣ ማነህ አንተ፣ በየት አገኘሃት፣ በምን ያዝካት፣ ተናገር። ድረስ በሆዱ መልስ ይሰጣል፣ ሳይወድ ይሰጣል፣ ድረስ ነኝ፣ ከጓሮ አገኘኋት፣ በጠጉሯ ያዝኳት። ምን ያንቅሃል፣ ተናገር እንጂ፣ ትላለች እናቱ፣ ዓይኗ ምራትዋ ላይ ነው፣ ቃሉ ግን የሚያርፈው ድረስ ማጅራት ላይ ነው።

ዘሪቱ ጥርሷን ትገጥማለች። ልከከው ትላለች፣ ውኃ ትላለች፣ ስሙን ግን አትጠራም፣ ለምን አትናገርም፣ ድረስ ብትል በቃ፣ እኔም እገላገል ነበር፣ ለኔ ብላ ነው? ኧረ ለኔ ብላ አይሁን፣ ለኔ ብላ ከሆነ ይኼን የምሸከምበት ጀርባ የለኝም።

ሽበቱ ነው ሁሉን ያመጣው። እንዲያ በል። ሽበቱ አመጣው በልና አንተ ንጹሕ ሁን።

ጓሮ ነበሩ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዘሪቱ ሹሩባዋን ፈትታ ራሷን ዘንበል አደረገችለትና እየው አለችው፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ አንድ ጣት የሚያህል ነጭ፣ ወንድምህ ሲሄድ አንዲት አልነበረችም፣ አሁን ሲመጣ ሚስቱን ትቶ ሁለተኛ እናት ሊያገኝ ነው፣ አለችና ሳቀች፣ የሳቀችው አፏ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሦስቱን ዓመት በሯን እያየች ነው ያሳለፈችው። አንተ ማርቆስ ገበያ የማታገኘው የለም፣ ለሽበት የሚሆን የላቸውም እነዚያ? እነዚያ ነው የምትላቸው ጣልያንን፣ በዚህ ቤት ስማቸው አይጠራም፣ ዕቃቸውም አይገባም፣ ድረስ ከወታደሮቹ ምላጭና ሳሙና በዶሮና በእንቁላል እየለወጠ ሲያተርፍ ለእናቱ ከነጋዴ ገዛሁት ነው የሚላት። አላቸው አልኳት። ይኑራቸው አይኑራቸው ሳላውቅ አላቸው አልኳት፣ እኔ መቼ የለም ብዬ አውቃለሁ፣ መቼ አላውቅም ብዬ አውቃለሁ። ለእሜቴ እንዳትነግር አለችኝ፣ ባል ናፈቃት ብለው ዘፈን ያወጡብኛል፣ በዚያ ላይ የነሱ ነገር ነው። በሚካኤል አልናገርም አልኳት። ይኸው፣ አንድ መሐላ እንኳ አፍርሼ የማላውቀው ዛሬ ማፍረስ ያለብኝን መሐላ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ውሸት፣ ስንቱን አፍርሻለሁ፣ ይህችን ብቻ የምጠብቃት ስለምትጠብቀኝ ነው።

ዲማ ቅኔ ቤት ሳለ፣ ሁለት ክረምት እንኳ ሳይሞላው፣ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ጠርተው፣ አንተ ልጅ፣ ያልገባህን ስታዜም ከገባቸው ይልቅ ታምራለህ፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ሰው ያስገድልሃል አሉት። ተማሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ምርቃት መስሎኝ። በሳምንቱ ኮበለልኩ።

ያዛት እንጂ ምን ትቃዣለህ፣ ትለዋለች እናቱ።

ይዣታለሁ እማ።

ጠጉር የሚቆርጠው ጣልያን ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ቆርቆሮ ቤት አለው፣ ሸበቶ መኮንን ገብቶ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ድረስ በዓይኑ አይቷል፣ በዓይኑ ባያይ ኖሮ፣ ሁለት የዘሪቱን ዶሮ እግራቸውን አስሮ ወሰደለትና ራሱን እያሳየ ኔሮ ኔሮ አለው፣ ጥቁር ማለት መሆኑን ያውቃል፣ ከመቶ የጣልያንኛ ቃል ሠላሳውን ያውቃል፣ ሰባውን ፊቱን እያበራ ያልፈዋል። ሰውየው ትንሽ ካርቶን አወጣ፣ ውስጡ ዱቄት፣ ጠርሙስ፣ የታጠፈ ወረቀት። ከዚያ ጨዋታ አይሉት ጸሎት አንድ ነገር ጀመረ፣ እጅጌውን ሰብስቦ የክርኑን ጉድጓድ በጣቱ ጫፍ ነካ፣ መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ ተኛ፣ ሁለት ጣት ቀሰረ፣ ከዚያ ክርኑን እያየ ፊቱን አጨማደደ፣ እፍ እፍ አለ፣ ኖ ኖ አለ፣ ከዚያ ፊቱን አበራና ራሱን አሸት አሸት አደረገ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየ፣ ከዚያ ውኃ ሲያፈስ። ገባህ? አለ በዓይኑ። ሲ ሲኞሬ። ገባኝ። ምን ገባህ አንተ፣ ክርኑን ሲነካ ጉልበት ይሰጣል ማለቱ መሰለኝ፣ ሰዓቱን ሲያሳየኝ በሰዓቱ የተኩራራ መሰለኝ፣ የገባኝ መኝታው ነው፣ ሁለቱ ጣት ነው፣ ውኃው ነው። ሁለት ሌሊት ተኝተውበት ከዚያ ይታጠቡታል። ታዲያ ቅቤስ እንዲሁ አይደል፣ ሴት ሁሉ አናቷን በቅቤ አርሳ ሻሿን አስራ ሁለት ሌሊት ታሳድረው የለ፣ ከዚያ ወዝቶ ይታጠባል፣ ከአገሬ ልማድ ጋር ግጥም ሲልልኝ ሌላውን ጣልኩት። የክርኑን ነገር ጣልኩት። አሁን ሌት ተቀን የማየው እሱን ክርን ነው። አንዲት ጠብታ ክርንሽ ላይ አድርገሽ ሁለት ቀን ጠብቂ፣ ካሳበጠሽ ራስሽን አታስነኪ፣ ካላሳበጠሽ ተቀቢና ሰዓት ሳይሞላው ታጠቢው። ይኼን ነው ያለው። ሕፃን ይገባዋል ይኼ።

ወረቀቱ አሁን ደረቱ ውስጥ ነው። ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ እናቱ የምትሰማው ይመስለዋል።

ያን ወረቀት አነበብኩላት። የግዕዝ ፊደል እንጂ የነሱን ከነጭራሹ የማላውቅ ሰው፣ ዘርግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከወታደሮቹ አፍ የለቀምኩትን፣ ኡኖ፣ ዱዌ፣ ካፔሊ፣ ቦኖ፣ ዶማኒ፣ በዲማ ዜማ እየጎተትኩ አነበብኩላት፣ እሷም እንደ ወንጌል ቆማ ሰማች። ምን ይላል አለች። ከትኩስ ቅቤ ጋር አዋሕደሽ ሁለት ሌሊት ይደር ይላል። ቅቤውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ዱቄቱ ብቻውን ደረቅ መሰለኝ፣ ሳዋሕደው የጥፍሬ ሥር ጠቆረ፣ እስካሁን አልለቀቀም፣ ለዚህ ነው ጣቴን እያጠፍኩ የምውል። ከጽሑፉ ጎን የተሣለች ክንድ ነበረች ደግሞ፣ የታጠፈች ክንድ፣ ክርኗ ላይ ትንሽ ነጥብ ያላት፣ ስለ ጠጉር በተጻፈ ወረቀት ላይ ክንድ ምን ትሠራለች አለች ዘሪቱ፣ ሴት አይደለች፣ ከኔ ይልቅ አስተዋለች። ማኅተም ነው አልኳት።

ማኅተም ነው።

ይኼም ይቅር። ይኼ ሁሉ አለማወቅ ነው፣ አለማወቅን እግዜርም ይምራል። ማክሰኞ ማለዳውን ግን ምን ልበለው። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ አጥሩ ጋ ጠራችኝ፣ እንስራዋን ሳታወርድ፣ ድረስ ያሳክከኛል፣ ማጅራቴ እሳት ነው፣ ዓይኔ ሥር የሆነ ነገር ይንቀዋለላል፣ ወንዙ እዚያው ነው፣ ልታጠበው ወይ? አየሁ። በዓይኔ አየሁ፣ የጆሮዋ ጫፍ ቀልቷል፣ ሆዴ አንድ ነገር አለ፣ ታጠቢው አለ ሆዴ። አንድ ሌሊት ብቻ ቀረው እትዬ፣ አልኩ፣ መድኃኒት ሲሠራ ያቃጥላል፣ ወረቀቱን አውጥቼ ጣቴን የማላውቀው መስመር ላይ አሳረፍኩላት፣ ይኸውልሽ፣ ዱዌ ይላል፣ ሁለት። ታጠቢው ብል የማላውቅ መሆኔን ታውቃለች። ለዚህ ብቻ። ለዚህች ምንም ለማታክል ነገር። እሺ አለች፣ አንተ ካልክ፣ እንስራዋን አስተካክላ ወረደች፣ ወደ ውኃው ነበር የምትሄደው፣ ወደ ውኃው እየሄደች ሳትታጠብ እንድትመለስ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ልቀቀኝ፣ ትላለች ዘሪቱ፣ ድምፅዋ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ነው፣ ከንፈሯም አብጧል።

እናቱ ትራሱን ታገላብጣለች፣ ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር ወርዷል፣ ተመልከት አለችው፣ ጥላሸቱን እየተፋው ነው፣ የቡዳ ነገር እንዲህ ነው ጥቁር፣ ድረስም አዎ እማ ይላል። አዎ እማ! ምላስህ ይበጠስ።

ዝም ማለቱ ነው የከፋ ወይስ ያለው? ዝም ቢል በተሻለው። ትናንት ነው፣ ረቡዕ፣ ዘሪቱ ዓይኗ አልገለጥ ብሏት ሲነጋ፣ እናቱ ደጅ ወጥታ ወገቧን ይዛ፣ ማን ነው ይቺን ልጅ ያያት፣ ማን መጣ ከዚህ ቤት፣ አለች፣ የዘሪቱ ወንድም አወቀም ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፣ ሁለቱም ድረስን ያያሉ፣ እሱ ነው ሁልጊዜ የሚያውቅ፣ የድረስ አፍ ሳያስፈቅደው፣ ብዙዬ አለ። ሸክላ ሠሪዋ ብዙዬ። ሰኞ ማድጋ ይዛ መጥታ ነበር፣ ዘሪቱ ጠጉሯን ፈትታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስታበጥር አይታ፣ ምን የመሰለ ጠጉር ነው እቴ፣ ብላ ሄደች። ይኼው ነው። ሰው የሰው ጠጉር አደነቀ። እንትፍ ብላለች? አለ አወቀ። አላለችም፣ አልኩ። ማርያም ትጠብቅሽስ? አላለችም። አላስታውስም ማለት እችል ነበር፣ ደግሞም አላስታውስም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፣ ሐሰት ነው፣ እኔ ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፣ ከጥርሴ ሲወጣ ጣዕሙን አውቄዋለሁ፣ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ እኮ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ከኔ ሲያነሡ። አወቀ እንግዲህ የብዙዬን ስም ዘሪቱ ራሷ ትጥራ፣ ዛሬ እንያት፣ ካልለቀቃት ነገ አመጣታለሁ አለ። ነገ ማለት ዛሬ ነው። ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ስምዐ ሐሰት፣ የሐሰት ምስክርነት፣ ይሉታል ዲማ፣ ግዕዙ ሲያምር፣ ሲያምር ነው እንጂ ሲሠራ እንዴት እንደሚሸት ማን አስተማረን።

ሕልም አየሁ ብልስ። ይኼ ጥሩ ነው፣ ይኼ የድረስ ነገር ነው፣ ማንም ሳይጎዳ። እማ፣ ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል፣ እማ ሌሊት ሕልም አይቼ ነበር። ምን አየህ። ነጭ ፈረስ። እናቱ እጇን ከጤና አዳሙ ታነሣለች፣ የጊዮርጊስ ልጅ ነች፣ ለነጭ ፈረስ የማትሆነው የለም፣ እሺ፣ ፈረሰኛው ምን አለህ። ራሷን እጠቡት አለኝ፣ ዛሬውኑ። እናቱ ታስባለች፣ ድረስ አንጓውን እንደያዘ በሆዱ ይለምናታል፣ እሺ በይ፣ እሺ በይ እማዬ፣ አንዴ እሺ በይኝና ዳግመኛ አልዋሽሽም። ጠበል ማለቱ ነው፣ ትላለች፣ እንወስዳታለን፣ ግን አስቀድሞ ቡዳው ስሙን ይናገር፣ ስሙን ሳይናገር ውኃ ከነካው ገብቶ አጥንቷ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ሰማዕቱ ይህን አያጣውም።

ሰማዕቱንም ዋሸሁበት። አልተሳካም። በከንቱ ዋሸሁበት።

ውሻው ይጮኻል። ግቢው ይደነግጣል፣ አወቀ በሩን ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ከኋላው፣ በክንዷ ጎትቷት፣ ብዙዬ። አጭር ናት፣ ከመንገድ የመጣች ሳትሆን ከሥራ የተነሣች ናት፣ ጭቃው እስከ ክርኗ ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ነጠላም አልደረበች፣ ደህና አደራችሁ ትላለች፣ ማንም እግዚአብሔር ይመስገን አይላትም። ድረስ ፊቱን ያዞራል፣ ወደ የት ያዙረው፣ በአንድ ወገን ዘሪቱ በአንድ ወገን ብዙዬ።

ትፊባት፣ ይላል አወቀ።

ምራቄ መድኃኒት ከሆነማ ገበያ አወጣው ነበር፣ ትላለች ብዙዬ፣ ገል ተሸክሜ ማርቆስ ለምን እመላለሳለሁ።

አፍሽን ያዢ፣ ትፊባት አልኩሽ፣ ከቀሚስሽም ክር ስጪ፣ ይታጠንላታል።

እሜቴ፣ ትላለች ብዙዬ ወደ ወለተ ጊዮርጊስ ዞራ፣ እርስዎ ያውቁኛል፣ የድግስዎን ጋን ሁሉ የሠራሁ እኔ ነኝ፣ ከሠራሁልዎ ጋን ጠላ ጠጥቶ ያመመው ሰው ያውቃሉ? እናቱ መሬት መሬት ታያለች፣ ሰው ይሁን ሌላ ምን ይታወቃል ልጄ፣ ትፊላትና ይለይልን፣ ትላለች፣ ክፋት የለባትም፣ ምራትዋን ነው የምታድነው፣ ይኼ ነው የሚያቃጥለው፣ እዚህ ቤት ክፉ ሰው የለም፣ አንድ ብቻ ነው ያለው እሱም ተንበርክኳል።

ብዙዬ ትጠጋለች፣ የዘሪቱን ፊት ታያለች፣ ውይ እቴ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ውይ ውይ፣ ከዚያ እንትፍ፣ እንትፍ፣ በሥርዓቱ፣ ከቀሚሷም ጫፍ ክር መዝዛ ለአወቀ ትሰጠዋለች። ሁሉም ይጠብቃል። ምንም የለም። ምን ሊመጣ ነው። ዘሪቱ ትቃትታለች፣ ብጫው ውኃ ይወርዳል፣ ከልቧ አልተፋችም ይላል አወቀ፣ አንቺ፣ ከልብሽ አልተፋሽም፣ ዱላውን ከትከሻው ያወርዳል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሥራ፣ እናቱም በዚያው ላይ ለጋ ቅቤ በሙጌራ፣ በቅቤ ዕቃዋ፣ ይዛ ትመጣለች፣ እስኪለቃት አናቷን ላብርድላት፣ ትላለች፣ ሻሹን ሳትፈታ ከላይ ልታፈስበት፣ ቅቤው ሲቀልጥ ያ ነገር አብሮ ይቀልጣል፣ ይወርዳል፣ ዓይኗ ውስጥ ነው የሚገባ፣ ዓይኗ ውስጥ፣ አንድ እጅ ቅቤ ይዟል አንድ እጅ ዱላ ይዟል፣ ሁለቱም የኔ እጆች ናቸው።

አትምቷት፣ ትላለች ዘሪቱ።

ሁሉም ይቆማሉ። ምንድነው ያለችው፣ ይላል አወቀ፣ ለፈለፈች? አትምቷት፣ እሷ አይደለችም። እናቱ ትጮኻለች፣ ማነው እንግዲያ፣ ተናገር፣ ማነህ! ዘሪቱ ያበጠውን ፊቷን ወደ ድረስ ታዞራለች፣ አታየውም፣ ዓይን የላትም፣ ግን ታዞራለች፣ በእጁ ውስጥ ያሉት ሁለት አንጓዎች መታገል ያቆማሉ። ጣቶቿ ያርፋሉ። ሦስት ቀን ያላረፈው እጅ እንደ ተኛ ልጅ እጅ ይሆንበታል፣ የደም ሥሯ ብቻ ከአውራ ጣቱ ሥር ይመታል፣ አንድ፣ ሁለት፣ እየጠበቀችው ነው፣ ስሙን አፏ ላይ ይዛ እየጠበቀችው ነው፣ እንዲቀድማት።

ቀለም ነው፣ ይላል ድረስ።

ምን?

ቀለም ነው፣ የጠጉር ቀለም፣ ከጣልያን ነው ያመጣሁት፣ ሻሹ ሥር ነው ያለው፣ ሁለት ሌሊት ይደር ያልኳት እኔ ነኝ፣ ልታጠብ ስትል አትታጠቢ ያልኳት እኔ ነኝ፣ የነሱን ፊደል ማንበብ አልችልም፣ ቅቤውን አታፍስሺ እማ፣ ይታጠብ፣ ብዙዬ ምንም የለችበትም፣ ስሟን የጠራሁት እንዲሁ ነው፣ እንዲሁ፣ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፣ ደረቱ ውስጥ እጁን ከትቶ ወረቀቱን መሬት ላይ ይጥላል፣ ሥዕሏ ወደ ላይ ሆና ታርፋለች፣ ክንዲቱ ከነነጥቧ፣ ጥቁር ጥፍሩንም ዘርግቶ ያሳያል፣ እንደ ተማሪ።

ዱላው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ቀድሞ ነበር የጠበቀው። ሁለተኛውን አልጠበቀውም። አንተ የባንዳ ቡችላ፣ ይላል አወቀ፣ እህቴን፣ ሦስተኛውን ሲያነሣ ብዙዬ ናት ዱላውን ከመሃሉ የምትይዘው፣ በዚያ በጭቃ እጇ፣ ዱላው ይቆይ አወቀ፣ ለዱላ ነገም ቀን ነው፣ ውኃ ለብ አድርጉ። እናቱ አትመታውም። ሙጌራዋን እንደያዘች ቆማ፣ ከዚህ ቤት? ትላለች ቀስ ብላ፣ ወንድምህ በነሱ ጥይት ሲቆላ ይከርማል፣ አንተ የነሱን መርዝ ሚስቱ አናት ላይ? መልስ አትጠብቅም፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ትመታኝ፣ ምናለ ብትመታኝ።

እናቱ ሻሹን ልትፈታ ትሞክራለች፣ ጨርቁ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፣ እሜቴ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ትላለች ብዙዬ፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ወለተ ጊዮርጊስ በዕድሜዋ ሸክላ ሠሪ ከመደቧ ጫፍ አስቀምጣ የማታውቅ ሴት፣ ፈቀቅ ትልላታለች። ጭቃ ሳይሰበር ከቅርጹ እንደሚያወጡት ነው የምታወጣው፣ እያራሰች፣ እየጠበቀች፣ ደግማ እያራሰች፣ ድረስ በቅል ውኃ ያፈሳል፣ ሳሙና አለኝ ይላል፣ ሳሙናህን ወዲያ በለው፣ ትለዋለች ብዙዬ፣ ውኃ ብቻ። ጥቁር ይወርዳል። ሌላም ጥቁር። አምስተኛው ቅል ላይ ጠጉሩ ከውኃው ጋር መምጣት ይጀምራል፣ እፍኝ እፍኝ፣ ብዙዬ ምንም ሳትል ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች፣ ድረስ መቁጠር ያቆማል።

ሽበቱ ጠፋ? ትላለች ዘሪቱ።

ብዙዬ ቀና ብላ ድረስን ታየዋለች፣ አንተው መልስ ማለቷ ነው፣ ጠፍቷል እትዬ ብሎ ማቆም ይቻላል፣ እውነትም ነው፣ ግማሽ እውነት፣ የሚያውቀው ሥራ። ጠፍቷል እትዬ፣ ይላል፣ ጠጉሩም አብሮ እየሄደ ነው።

ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ትላለች፣ በሽበቴ አፍሬ ነው።

እንዲህ ስላለችው ሊያለቅስ ይፈልጋል፣ ለቅሶውም ያሳፍረዋል፣ ውኃውን ያፈሳል፣ ቀትር ላይ ውኃው ጠርቶ መውረድ ይጀምራል፣ ቆዳዋ እንደ ተላጠ ፍሬ ቀይ ነው፣ ግን ቀዝቅዟል፣ እጇን ማንም አልያዘውም፣ አታክክም። ዓይኗ ገና ተዘግቷል። ይገለጥ አይገለጥ ማን ያውቃል፣ እኔ አላውቅም፣ አላውቅም፣ ስትለማመዳት ከባድ ቃል አይደለችም።

ብዙዬ ደጅ ወጥታለች፣ እጇ እስከ አንጓዋ ጠቁሯል፣ ድረስ ቅሉን ይዞ ተከትሏት ያፈስላታል፣ ታሸዋለች፣ አይለቅም፣ አወቀ ግንቡ ጥግ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል፣ እሷን ያመጣበትን እጁን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፣ ማንም ይቅርታ አላላትም፣ ጋን የለመደ ቤት ሁሉ ነገ ጠዋት ማድጋ ያዝዛታል፣ እንደ ቀድሞው። ይቅር በይኝ ብዙዬ፣ ይላል ድረስ። እጇን በቀሚሷ ታብሳለች፣ አንዱን ከዚያም አንዱን፣ ፊቱን እያየች ነው የምታብሰው፣ የተቆጣ ሰው ዓይን ቢሆን ይሻለው ነበር፣ የጨነቀው ሰው ዓይን ነው፣ በእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው።

እሱስ ይቆይ ልጄ፣ ትለዋለች፣ ግን እናትህ ማን አያት ብላ ስትጠይቅህ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ባለበት አገር፣ የኔ ስም እንዴት እንዲያ ቶሎ መጣልህ?